ከስልኩ በፊት ልጁን ማወቅ፦ የወጣቶች ጠባይና የዲጂታል አደጋ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ



ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቤት ያድጋሉ። ቁርአን የሚቀሩት በአንድ ኡስታዝ ፊት ነው፤ ትምህርት ቤታቸውም አንድ ነው። አባታቸው በአንድ ቀን ተመሳሳይ ስልክ ይገዛላቸዋል። ዓመት ሳይሞላ ታላቁ በቴሌግራም የመጣለትን ሁሉ ሳያነብ ለአገር ምድሩ የሚያስተላልፍ ይሆናል። ታናሹ ደግሞ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ፣ በቀን ሥራ ያገኛትን ብር በውርርድ ይጨርሳል። እናት «እኔ ሁለቱንም እኩል ነው ያሳደግኳቸው፤ ይሄ ስልክ የሚሉት ነው ያጠፋብኝ» ትላለች። ስልኩ ግን አንድ ዓይነት ነበር። የተለያየው የልጆቹ ጠባይ ነው።

ይህ ቤተሰብ ለምሳሌ ያመጣነው ነው። ሆኖም በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት እንዲህ የሚሉ እናቶችና አባቶችን ደጋግመን አግኝተናል። ሁሉም የሚጠይቁት «ስልኩን ልንጠቀው ወይስ እንተውለት?» ብለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው ከዚህ ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ እንደሚቀድም ነው፦ ይህ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? አደጋው የሚገባበት በር በየልጁ ጠባይ ይለያያልና ጥበቃውም በዚያው ልክ መለየት ይኖርበታል።

ኔትወርክ የሚመጣበትና የሚሄድበት አገር

ሰቆጣ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። በደጋው በኩል ሰቆጣ ዙሪያ፣ ጋዝጊብላና ደሃና፣ ወደ ተከዜ ሲወረድ ደግሞ ዝቋላ፣ አበርገሌና ሰሃላ ይገኛሉ። ሕዝቡ ኽምጣንጛና አማርኛ ይናገራል። አብዛኛው ነዋሪ ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊሙ በቁጥር አነስ ብሎ፣ ገበያውንም ኀዘኑንም ከጎረቤቱ ጋር እየተጋራ ይኖራል።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ሰቆጣ ደረሰ። መብራት፣ ስልክና ባንክ ለወራት ተቋረጡ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሰቆጣና አካባቢዋ ተጠለሉ። ነገሩ ረገብ አለ ሲባል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተዘጋ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ቆላማ ወረዳዎቹን ክፉኛ ጎዳ።

እንግዲህ ጦርነቱ ሲጀመር የ12 ዓመት ልጅ የነበረ የዋግ ወጣት የጉርምስና ዘመኑን ያሳለፈው ኔትወርክ እየመጣና እየሄደ ነው። የአዲስ አበባው እኩያው ፌስቡክን፣ ቴሌግራምንና ቲክቶክን አንድ በአንድ ሲላመድ፣ ለእርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተዘረገፈለት። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ስልኩን የገንዘብ ቦርሳ አድርጎታል። ወላጆቹ ደግሞ በዚያው ጊዜ ልጅን በሕይወት ለማቆየት ይሯሯጡ ነበር። ስለ ስልክ ልጅን ቁጭ አድርጎ ለማስተማር ፋታ ያገኘ ቤት ጥቂት ነው። ይህን የምናነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ምክር ስንሰጥ ቤተሰቡ ካለፈበት ነገር መነሳት ስላለብን ነው።

የዲጂታል አደጋ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ሶንያ ሊቪንግስተን ከባልደረባቸው ማሪያ ስቶይሎቫ ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት አከፋፈል፣ ልጆች በኢንተርኔት የሚገጥማቸው አደጋ አራት ዓይነት ነው። በእኛ አካባቢ ኑሮ ስናያቸው እንዲህ ናቸው፦

- የይዘት አደጋ፦ ልጁ የሚያየው ነገር። የወሲብ ቪዲዮ፣ የጦርነት አስከሬን፣ ሰው በሰው ላይ የሚያነሳሳ ንግግር።
- የግንኙነት አደጋ፦ ልጁን የሚያገኘው ሰው። በማታ «ሰላም ቆንጆ» የሚል የማይታወቅ ጎልማሳ፣ «በሦስት ሳምንት ሪያድ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ።
- የድርጊት አደጋ፦ ልጁ ራሱ የሚያደርገው። መሳደብ፣ ያላረጋገጡትን ማሰራጨት፣ የሴት ልጅን ፎቶ ሳያስፈቅዱ መለጠፍ።
- የውል አደጋ፦ ልጁ ሳያውቅ የሚገባበት የገንዘብ ነገር። የእግር ኳስ ውርርድ፣ «ሰው ባስገባህ ቁጥር ይከፈልሃል» የሚባል ማታለያ፣ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርን አሳልፎ መስጠት።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መያዝ ይገባል። አደጋ መግጠምና መጎዳት አንድ አይደሉም። ክፉ ቪዲዮ ስልኩ ላይ የመጣበት ልጅ ሁሉ አይበላሽም። አንዱ ያጠፋውና ያልፋል፤ ሌላው እየተመላለሰ ያየዋል። ጠባይ የሚገባው እዚህ መካከል ነው።

ጠባይ፦ ሊቃውንቱና ተመራማሪዎቹ

ሰው በተፈጥሮ ጠባዩ እንደሚለያይ በዲናችን የታወቀ ነው። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አሸጅ ዐብዱልቀይስ ለተባለው ሰው አላህ የሚወዳቸው ሁለት ጠባዮች እንዳሉት ነግረውታል፤ ቻይነትና እርጋታ። በአቡ ዳውድ ዘገባ ሰውየው እነዚህን ጠባዮች ራሱ ያመጣቸው ወይስ አላህ የፈጠረበት መሆናቸውን ሲጠይቅ፣ አላህ የፈጠረበት መሆናቸውን ነግረውታል። ከሶሓቦችም አቡበክር በርኅራኄያቸው፣ ዑመር በቆራጥነታቸው ይታወቁ ነበር (ረ.ዐ.)። ሁለቱም ጠባይ ለዲኑ አገልግሏል።

በዘመኑ የሥነ ልቦና ጥናት ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው የጠባይ አከፋፈል አምስት ዘርፎች አሉት። እነርሱም ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነት፣ ተጫዋችነት (ከሰው ጋር መሆን መውደድ)፣ ለሰው መመቸትና ማዘን፣ እንዲሁም ሆደ ባሻነት (በቀላሉ መከፋትና መጨነቅ) ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ሁሉንም በተለያየ መጠን ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2016 የቱርክ ተመራማሪዎች የበርካታ ጥናቶችን ውጤት ደምረው ሲያዩ፣ ሆደ ባሻነት ከፍ ያለባቸው ሰዎች በኢንተርኔት ሱስ የመጠመድ ዝንባሌያቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጥንቁቅነትና ለሰው መመቸት ያላቸው ግን ዝንባሌያቸው ዝቅ ያለ ነው።

ነገር ግን ይህን መለኪያ እንደ ሚዛን ድንጋይ መያዝ የለብንም። በብዛት የተሠራው በተማረውና በከተሜው ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦሊቪያ ጫካ በእርሻና በአደን በሚኖሩት የጺማኔ ሕዝቦች ላይ ሲሞከር አምስቱ ዘርፎች እንደተባለው ተለይተው አልወጡም። ስለዚህ ለደሃና እረኛም ለሰቆጣ ተማሪም ስንጠቀምበት ልጅን ለማስተዋል የሚረዳ መነጽር አድርገን እንጂ «አንተ እንዲህ ነህ» ብሎ ለመፈረጅ አይሁን። ጠባይ ዝንባሌን ያሳያል፤ ፍርድ አይደለም።

አምስት ዓይነት ልጆች፣ አምስት ዓይነት በሮች

*ችኩሉ።* እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። በክፍል ውስጥ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣው እርሱ ነው። ለጋስና ፈጣን ነው፤ ሰው ሲቸገር መጀመሪያ ብድግ የሚለውም እርሱ ነው። በስልኩ ላይ ግን ይህ ፍጥነት ያልተረጋገጠ ወሬ ማሰራጫ ይሆናል። «ሙስሊም ከሆንክ ሼር አድርግ» የሚል ጽሑፍ የሚያጠምደው እርሱን ነው፤ ያስተላለፈውም ለዲኑ ተቆርቁሮ ነውና ስሕተት መሥራቱ አይታየውም።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚሆን በቅርብ አይተናል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በሸይኽ ከማል ለጋስ ቀብር ላይ በተነሳ ጥቃት ሙስሊሞች ተገደሉ፤ መስጂዶችም ተጎዱ። በደሉ እውነት ነበር፤ ልባችንም ደምቷል። ሆኖም በቀናት ውስጥ ቁጣው ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በጎንደሩ ግፍ እጃቸው የሌለበት ሰዎች ዋጋ ከፈሉ። እንዲህ ባለ ቀን በየስልኩ የሚዞረው እውነተኛው ብቻ አይደለም፤ የሌላ አገርና የሌላ ዓመት ፎቶም አብሮ ይዞራል። ሙስሊሙ በቁጥር አናሳ በሆነበት እንደ ሰቆጣ ባለ ከተማ አንድ የተሳሳተ መልእክት የዓመታት ጉርብትናን ያናጋል። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የመጣ ወሬ እንዲጣራ የሚያዝዘውም ሳያውቁ ሰዎችን በድሎ ኋላ መጸጸት እንዳይመጣ ነው። ሰው የሰማውን ሁሉ መናገሩ ብቻ ለውሸት እንደሚበቃውም በሶሒሕ ሙስሊም መቅድም ተዘግቧል።

*ጀብደኛው።* ሰላማዊ ቀን ይሰለቸዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማርቪን ዙከርማን አዲስና ጠንካራ ስሜት የሚሰጥ ነገርን፣ አደጋ ቢኖረውም፣ መፈለግ ራሱን የቻለ ጠባይ መሆኑን ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። ይህ ልጅ ገደል ላይ ፍየል ለማውረድ የማይፈራ፣ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ለመሄድ የሚደፍር ነው። አገር ያቀናው እንዲህ ያለ ሰው ነው። በስልኩ ላይ ግን ሁለት በሮች ይከፈቱበታል። አንዱ ውርርድ ነው፤ የሚስበው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የልቡ መምታት ጭምር ነው። ሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጎን ማንሳቱን ለዚህ ልጅ በእርጋታ ማስረዳት ይገባል።

ሁለተኛው በር ስደት ነው። ደላላ ዛሬ መንደር ለመንደር መዞር አያስፈልገውም፤ መኪና ተደግፎ የተነሳው የአንድ ወጣት ቪዲዮ ሥራውን ይሠራለታል። ቪዲዮው የአፋርን በረሃ፣ የጅቡቲን ጀልባና የየመንን አጋቾች አያሳይም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን በኩል ለመሻገር የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ገልጿል። ለጀብደኛ ልጅ «አደገኛ ነው» ማለት ብቻ አያስቆመውም፤ እንዲያውም ሊስበው ይችላል። የሚሻለው ከመንገዱ የተመለሰ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ያየውን እንዲነግረው ማድረግና ድፍረቱ የሚውልበት ሥራ መፈለግ ነው።

*ሆደ ባሻው።* ነገር ቶሎ ይሰማዋል። ሰው ሲያለቅስ አብሮ ያለቅሳል፤ በሶላቱም ልቡ ይሰበራል። ጦርነት ያየ፣ ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ድርብ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ስልክ የሚይዘው ለመጫወት ሳይሆን ለመሸሽ ነው። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለው ይከፍተዋል፤ ስልኩም ይበልጥ እንቅልፍ ይነሳዋል። «ማንም አይረዳኝም» ባለች ቀን የሚያባብላት እንግዳ ሰው ልቧን ያገኛል፤ ቀጥሎ ፎቶ ይጠይቃል፤ ከዚያ «ለአባትሽ እልከዋለሁ» እያለ ያስፈራራል።

ኤክፓት፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ በጋራ አጥንተው የኢትዮጵያውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት እንዲህ ዓይነት ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ብዙውን ጊዜ ለማንም እንደማይናገሩ፣ ቢናገሩም ለጓደኛ እንደሆነና ፖሊስ ጋ የሚደርሱት በጣም ጥቂት እንደሆኑ ተመልክቷል። ልጅን የሚያስጨንቀው አስፈራሪው ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ቁጣም ነው። አስፈራሪው የሚተማመነውም በዚሁ ነው።

*እሺ ባዩ።* ሰው ማስቀየም አይችልም። ለወላጅ ታዛዥ፣ ለጓደኛ ታማኝ ነው። ብዙ ወላጅ «ይሄኛው እንኳ አያሳስበኝም» የሚለው ስለ እርሱ ነው። ጓደኞቹ የይለፍ ቃሉን ሲጠይቁት ይሰጣል። በቡድኑ ውስጥ አንዲት ልጅ ሲሰድቡ ባይስማማም ሳቅ ይልካል። በሰቆጣ በየዓመቱ በነሐሴ በሚከበረው የሻደይ በዓል ልጃገረዶች አጊጠው ሲጫወቱ፣ ሳያስፈቅድ ቀርጾ «ልቀቀው» ሲሉት የሚለቀውም እርሱ ሊሆን ይችላል። ክፋት የለበትም፤ «እምቢ» የሚለውን ቃል ግን አላስተማርነውም።

*ልበ ደንዳናው።* ይህ በቁጥር ትንሽ ነው። ፓውልሁስና ዊሊያምስ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ራስን ማምለክን፣ ሰውን በዘዴ መጠቀሚያ ማድረግንና ርኅራኄ ማጣትን በአንድ ላይ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የካናዳ ተመራማሪዎች ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ በኢንተርኔት ሰውን ማናደድ የሚወዱ ሰዎች በሌላው ሥቃይ የመደሰት ዝንባሌያቸው ከሌላው ሰው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህን የምንጠቅሰው ለሁለት ጥቅም ነው። አንደኛ፣ ልጃችሁ በኢንተርኔት ከሚሳደብ ሰው ጋር ሲከራከር ቢያድር፣ ያ ሰው የሚፈልገው መልስ ሳይሆን የልጁን ንዴት መሆኑን ንገሩት። ሁለተኛ፣ ሰውን ማዋረድ የሚያስደስተው ልጅ በቤታችሁ ካለ «ያልፍለታል» ብላችሁ አትተዉት። የሚሳለቅበት ሰው ምን እንደተሰማው ጠይቁት፤ ይቅርታ የሚጠይቅበትን መንገድ አብራችሁት ሂዱ።

ጠባይ ብቻውን አይሠራም

አንድ ጠባይ በአንድ ቦታ ተኝቶ በሌላ ቦታ ይነሳል። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ጎረምሶችን፣ ወጣቶችንና ጎልማሶችን በኮምፒዩተር የመኪና ጨዋታ አጫወቷቸው። ጎረምሶቹ ለብቻቸው ሲሆኑና እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሲቀመጡ ውሳኔያቸው ተለያየ፤ እኩዮች ሲያዩአቸው አደገኛውን ምርጫ አበዙ። በጎልማሶቹ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። ቲክቶክ ላይ ያለ ልጅ እንግዲህ ሁልጊዜ እኩዮቹ አጠገቡ እንደተቀመጡ ነው።

ማያ ገጹም የራሱ ድርሻ አለው። ጆን ሱለር የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳስረዱት፣ ሰው ፊት ለፊት የማይለውን በስክሪን ጀርባ ይላል። ስሙ አይታወቅም፤ የሰሚውን ፊት አያይም፤ የሚጽፈው ለሰው ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስለዋል። በገበያ መካከል ቢሆን ጎረቤቱን ሊሰድብ የማይደፍር ልጅ በሐሰተኛ ስም የሚሳደበው ለዚህ ነው። ድህነት፣ ሥራ ማጣትና የጦርነት ጠባሳም ይጨመራሉ። ስለዚህ «ጠባዩ ነው» ብሎ ልጅን ብቻ መውቀስ አይገባም።

ሕጉ ምን ይላል?

ወጣቶች «ቀልድ ነበር» የሚሉት ነገር በሕግ ሊያስጠይቅ እንደሚችል ይወቁ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰውን ወይም ቤተሰቡን በኮምፒዩተር ሥርዓት በሚሰራጭ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል ማስፈራራትን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል። ስልክም ከዚህ ውጭ አይደለም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣዋል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ ይከብዳል። በአዋጁ «ላይክ» ማድረግ ማሰራጨት አይባልም፤ ለብዙ ሰው ማጋራት ግን ማሰራጨት ነው። ሕጉ ጥፋተኛን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ በፎቶዋ የምትፈራራ ልጅም መከላከያ አላት።

ጠባይ ይለወጣል?

«እሱ ሲፈጥረው እንደዚያ ነው» የሚል ወላጅ እናገኛለን። ኢማም አል-ገዛሊ (505 ሂጅሪያ አረፉ) ኢሕያእ ዑሉሚዲን በተባለው ኪታባቸው ነፍስን ስለ ማረቅ በጻፉበት ክፍል ይህን አባባል ይመልሳሉ። ጠባይ የማይለወጥ ቢሆን ምክርና ተርቢያ ትርጉም ባጡ ነበር። ደግሞም የሚፈለገው ቁጣንና ፍላጎትን ከሥሩ መንቀል ሳይሆን ወደ ልክ ማምጣት መሆኑን ያስረዳሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር የጠየቃቸውን ሰው ደጋግመው እንዳይቆጣ መምከራቸውም፣ በቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ራስን መግዛት በሰው አቅም ያለ ነገር መሆኑን ያመለክታል።

ጥናቱም ከዚህ አይርቅም። ብሬንት ሮበርትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶችን ደምረው ሲመለከቱ፣ ጥንቁቅነት በተለይ ከ20 ዓመት በኋላ እየጨመረ፣ የስሜት መረጋጋትም እየጠነከረ እንደሚሄድ አግኝተዋል። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1973 የተወለዱ 1,000 ያህል ልጆችን እስከ ጎልማሳነት የተከታተለው ጥናት ደግሞ በ2011 ባወጣው ውጤት፣ በልጅነቱ ራሱን መግዛት የቻለ ሰው ሲያድግ በጤናም በገንዘብም የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ራስን መግዛታቸው ከጊዜ ወደ ጊዜ የተሻሻለላቸው ልጆችም ከተገመተው በላይ ተጠቅመዋል። ስለዚህ የወላጅ ሥራ ልጁ እስኪበስል ድረስ የማይመለስ ጉዳት እንዳይደርስበት መጠበቅ፣ እግረ መንገዱንም ራስን መግዛትን ማለማመድ ነው።

ምን እናድርግ?

ለሁሉም ልጅ የሚሆን፦

- ሌሊት ስልኮች ሁሉ፣ የአባትም ጭምር፣ በአንድ ቦታ ይደሩ። ወላጅ ያልጠበቀውን ሕግ ልጅ አይጠብቅም።
- «ብትሳሳትም መጀመሪያ እኔ ጋ ና፤ አልመታህም፣ አላዋርድህም» የሚል ቃል ስጡት፤ ቃሉንም ጠብቁ። የሙስሊምን ነውር መሸፈን የተወደደ ነው፤ የራስ ልጅ ነውር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ።
- በስውር አትሰልሉት። ሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ መሰለልን ይከለክላል። ለትንሽ ልጅ ስልኩ እንደሚታይ በግልጽ ተነግሮት መከታተል ጥበቃ ነው፤ ተደብቆ መፈተሽ ግን መተማመንን ያፈርሳል።

እንደየጠባዩ፦

- ለችኩሉ፦ ከማስተላለፉ በፊት «ማን አለው? መቼ ነው? ውሸት ቢሆን ማን ይጎዳል?» ብሎ እንዲጠይቅ አስለምዱት። ፔኒኩክና ራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳዩት፣ ሰዎች ስለ አንድ ዜና እውነትነት ለአፍታ እንዲያስቡ ሲደረግ ሐሰተኛ ዜና ማጋራታቸው ይቀንሳል።
- ለጀብደኛው፦ ኃላፊነት ስጡት። የመስጂዱን ግንባታ፣ የተፈናቃዮችን እርዳታ፣ የእግር ኳስ ቡድኑን ይምራ። የቴሌብር ገንዘቡን ለጊዜው ከሚያምነው ታላቅ ጋር በጋራ ይያዝ።
- ለሆደ ባሻው፦ ስልኩን ከመቀማት በፊት ምን እንደሸሸ ጠይቁ። እንቅልፍ ማጣቱና መተከዙ ከሰነበተ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት፤ የኢማን ማነስ አድርጋችሁ አትቁጠሩበት። የምትፈራራ ልጅ ካለች መልእክቱን አታጥፉ፣ ገንዘብ አትክፈሉ፣ ሌላ ፎቶ አትላኩ፤ ማስረጃውን ይዛችሁ ወደ ፖሊስና ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሂዱ።
- ለእሺ ባዩ፦ «እምቢ» ማለትን በቤት ውስጥ አለማምዱት። በወላጁ ፊት አንድም ቀን እምቢ ብሎ የማያውቅ ልጅ በጓደኛው ፊት እምቢ ማለትን ከየት ያመጣዋል?

ለኡስታዞችና ለመስጂድ ኮሚቴዎች ደግሞ አንድ አደራ አለን። በኹጥባ «ስልክ ሐራም ነው» ማለት ልጆቹን ከመስጂዱ ያርቃቸዋል እንጂ ከስልኩ አያርቃቸውም። ከጁሙዓ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ በሳምንቱ በስልክ የመጣውን ወሬ ከወጣቶቹ ጋር ማጣራት ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል። አካባቢውን የሚነካ ወሬ ሲሰማም ከጎረቤት ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ወዲያው የሚደዋወል አንድ ሰው በየመስጂዱ ይመደብ። ኔትወርክ በሌለበት ቀን እንኳ በእግር የሚደረስበት ጉርብትና ከሁሉ የሚታመን መረጃ ነው።

በመግቢያችን ወዳነሳናት እናት እንመለስ። ሁለቱን ልጆቿን እኩል ማሳደጓ ፍትሕ ነው። አሁን የሚጠበቅባት አንዱን ጎኗ አስቀምጣ የመጣለትን መልእክት አብራው ማንበብ፣ የሌላውን ደግሞ የሌሊት ጭንቀት መጠየቅ ነው። ይህን ለማድረግ ስለ ስልክ ብዙ ማወቅ አያስፈልጋትም፤ ልጆቿን ከማንም በላይ ታውቃቸዋለችና።

አላህ ልጆቻችንን ከሚታየውም ከማይታየውም ክፉ ይጠብቅልን፤ ለአገራችን ሰላሙን ይመልስልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።